ለአረፋ የማያብብ ማንጎ

አትክልት የሚወድ ሰው ምስጋና ቢስ ነው። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም፤ ራሴን ስለማውቅ ነው። ዝናብ ሲዘገይ አንገቱን ወደ ጣርማ በር ተራራ አቅንቶ ደመና ሲለምን ይውላል፤ ሲመጣ ደግሞ «ምነው ትንሽ ቀስ ቢል» ይላል። ፀሐይ ከበረታ ችግኜ ጠወለገ፣ ደመና ከሰነበተ ቅጠሌ ሻገተ፣ ነፋስ ከመጣ ቲማቲሜ ተሰበረ። ደልቶት የሚኖር አትክልተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ካያችሁ ቤቱን ጠቁሙኝና ሄጄ ምን እንደተከለ ልየው። የፕላስቲክ አበባ ሳይሆን አይቀርም።

እኛ ሸዋ ሮቢቶች ደግሞ ብንነጫነጭ አይፈረድብንም። የበልጋችን ጠባይ አይታወቅም። ደጋው ላይ ጠቁሮ ሲዘንብ ከቤታችን ሆነን እናያለን፤ ሮቢ ወንዝ ደፍርሶ እያጓራ ሲወርድ እንሰማለን፤ እኛ ጓሮ ግን ጠብ አይልም። ያልተጠሩበት ሰርግ ዘፈን እንደሚሰሙ ሰዎች ወንዙ ዳር ቆመን የሰው ዝናብ ሲያልፍ እንመለከታለን። የወረዳችን የቀወት ገበሬ ማሽላውን ዘርቶ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል፣ እኛም የጉድጓዱን ውሃ በባልዲ እየቀዳን ወገባችን ሊቆረጥ ሲል፣ ድንገት አንድ ቀን ይወርዳል።

መቼ መሰላችሁ? እሑድ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሲንጀሯ ላይ ጎብጬ እውላለሁ፤ ዓርብ ለጁምዓ ብድግ ካላልኩ በቀር ቀና የምለው ክር ለማስገባት ነው። እሑድ ሱቄን የምዘጋው ለአትክልቴ ስል ነው። ደንበኞቼም ያውቁታል፤ ሠርግ ያለበት እንኳ «እሑድ ጋሽ ሰይድ ከጎመኑ ጋር ነው» ብሎ ሰኞ ይመጣል። ታዲያ ባለፈው ሚያዝያ፣ ስንጠብቀው የከረምነው ዝናብ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት ስመለስ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ተንጣጣ። «አልሐምዱሊላህ!» አልኩና ባለቤቴን ከድጃን ቀሰቀስኳት። ትንሽ ቆይቶ ቆርቆሮው በሙሉ ይጮህ ጀመር። እረፋዱ ላይ ግቢው ወንዝ ሆነ። እኔ መኮትኮቻዬን፣ ከድጃ ያፈላቻቸውን የቃሪያና የቲማቲም ችግኞች ይዘን በረንዳው ላይ እንደተቀመጥን ቀረን። ለምነን ያመጣነው እንግዳ ከቤት እንዳንወጣ አገደን።

ጭቃ ውስጥ ቡቃያ መትከል ደግ አይደለም። አፈሩ ተረግጦ ይጠጥርና ሥሩ ይታፈናል። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ዝም ብለን ዝናቡን እናያለን፤ እኔ «ሊያባራ ነው» እላለሁ፣ ከድጃ «ገና ነው» ትላለች፤ እሷ ትክክል ትሆናለች።

በዚህ መሐል የአጥር ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወደ እኛ ጎራ አሉ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። የቅዳሴ ነጠላቸው እንዳይበሰብስ ባዶ ማዳበሪያ እንደ ቆብ ራሳቸው ላይ ደፍተዋል። እኚህ ሴትዮ ወዳጃችን ናቸው፣ ተፎካካሪያችንም ናቸው። አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው የእኛን ቆስጣ ሳያዩ ቀናቸው አይጀመርም፤ እኔም የእርሳቸውን ሳላይ ሻዬ አይጣፍጠኝም።

«ጎመኔን ጎርፍ ወሰደው ጋሽ ሰይድ» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ውይ! ወዴት ወሰደው?»

«ወዴት ይወስደዋል፣ በእናንተ አጥር ሥር ገብቷል። ሥር ከያዘ የእኔ መሆኑን እንዳትረሱ።»

ከድጃ ሳቀች። ያን ቀን ስትስቅ ገና የመጀመሪያዋ ነበር። ሳትስቅ የዋለችበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

ሐያት የምትባል ልጅ አለችን። ወንዶቹ ልጆቻችን ትዳር ይዘው ደብረ ብርሃንና ኮምቦልቻ ተቀምጠዋል፤ የመጨረሻዋ ሐያት ግን ሪያድ ሰው ቤት ገብታ ስትሠራ የኮንትራቷ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነበር። ለአረፋ በዓል እንደምትመጣ ከነገረችን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆኗል። ከድጃ የልጅቷን ክፍል ራሷ ኖራ ቀባች። እኔ ልኳን ከስልክ ላይ በዓይኔ ገምቼ ቀሚስ ሰፋሁላት፤ ከስታ ይሆናል ብዬ አጠበብኩት፣ ወፍራ ይሆናል ብዬ መልሼ አሰፋሁት። ጓሮው ውስጥ ደግሞ «የሐያት መደብ» የምንለው ቦታ አለ። ልጅ ሆና እንሶስላ የዘራችበት ነው፤ ጥፍሯን ለመቀባት። ከሄደች ወዲህ ከድጃ እዚያ መደብ ላይ ሌላ ነገር አስነክታ አታውቅም። እኔ አንዴ ሽንኩርት ቢጤ ላስገባ ብዬ ነበር። አየችኝ። ሽንኩርቱን ሌላ ቦታ ተከልኩት።

ታዲያ ሐያት ሰሞኑን ስትደውል አጠር አጠር ታደርግ ነበር። «ደህና ናችሁ? ደህና ነኝ። ሥራ በዝቷል።» ከድጃ አልወደደችውም። እኔ «ሻንጣ እያዘጋጀች ይሆናል» አልኩ። አባት እንዲህ ነው፤ ያልገባውን ነገር ሁሉ በሻንጣ ያሳብባል።

እትዬ አስካለ ማዳበሪያቸውን አራግፈው እንደተቀመጡ ስልኩ ጮኸ። ሐያት ናት፣ ያውም በቪዲዮ። እዚያ እሑድ የሥራ ቀን ነውና፣ እመቤቷ ሥራ ሄዳ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ያለችውን ሰዓት ጠብቃ ነው የምትደውለው። ፊቷ ስልኩ ላይ ሲመጣ ሦስታችንም አንድ ላይ ጮኽን። እሷ ግን ሰላምታችንን አቋረጠችው።

«የምን ድምፅ ነው? ዝናብ ነው?»

«ዝናብ ነው የእኔ ልጅ፣ ከንጋት ጀምሮ...» ከድጃ አልጨረሰችም።

«አሳዩኝ! ውጡና አሳዩኝ። እዚህ ዝናብ ካየሁ ስንት ጊዜዬ።»

አሁን እስኪ ይህን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። እኔ ስልኩን ይዤ ከፊት፣ ከድጃ ጃንጥላ ይዛ ከጎኔ፣ እትዬ አስካለ ስልኩ ውሃ እንዳይገባበት ማዳበሪያቸውን ዘርግተው ከኋላ። ጃንጥላው ለስልኩ እንጂ ለእኛ አልደረሰም። ቁርጭምጭሚታችን ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብተን ጓሮውን ዞርነው። ከመንገድ ያየን ሰው ምን ብሎ እንደሄደ አላህ ይወቀው።

«ሎሚው አደገ እንዴ አባ? ከቆርቆሮው በላይ ሆነ! ዘይቱኑስ? አቅርበው፣ አቅርበው... እትዬ አስካለ፣ እርስዎ ነዎት? ነጠላዎ ረጠበ እኮ!»

«ይርጠብ፣ ይታጠባል። አንቺ ደህና ነሽ ወይ? ፊትሽ ቀጠነብኝ።»

«ደህና ነኝ። የእኔን መደብ አሳዩኝ።»

አሳየናት። እንሶስላው ዝናቡ ሲነካው ቀና ቀና ብሎ ነበር። «አፈሩን አቅርቡልኝ» አለች ሐያት። ከድጃ ጎንበስ ብላ አንድ ጭብጥ እርጥብ አፈር አነሳችና ስልኩ ላይ አስጠጋችው። ልጅቷ አፍንጫዋን ወደ ስልኩ አቀረበች። እንደማይሸታት ታውቃለች፤ እኛም እናውቃለን። ግን ማንም አልሳቀም።

በኋላ ዓይኗ ወደ ጥጉ ሄደ።

«አባ፣ ያ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ያለው ቦታ አሁንም ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው። ምን እንደምንተክልበት ከእናትሽ ጋር መስማማት አቅቶን ነው።»

«ማንጎ ትከሉበት። ያን የተዳቀለውን፣ ቶሎ የሚያፈራውን።»

«ቶሎ ማለት እኮ ሦስት አራት ዓመት ነው፣ ልጄ።»

«ይሁን። እኔ ስመጣ ቢያንስ አበባ ይዞ ይጠብቀኛል።»

እኔ ስለ ማንጎው አስብ ነበር። ፀሐይ ይበቃዋል ወይ፣ ሥሩ በርሜሉን ይገፋዋል ወይ እያልኩ። ከድጃ ግን ጃንጥላውን ዝቅ አደረገችው።

«ለአረፋ የሚያብብ ማንጎ ከየት የመጣ ነው?» አለች።

እትዬ አስካለ ማዳበሪያውን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። እኔ የገባኝ ያኔ ነው።

«ለአረፋ አልመጣም እማ። ኮንትራቱን አደስኩት። እንደበፊቱ ነው፣ ሁለት ዓመት። ልነግራችሁ እልና...»

«ለምን?»

«ምን ይዤ ልምጣ? ባዶ እጄን ልምጣ?»

«እጅሽን ይዘሽ ነይ» አለች ከድጃ።

ሐያት አለቀሰች። ወዲያው ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ድምፅ በዓረብኛ ጠራት፤ ፊቷን በሻሽዋ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገችና «ሌላ ጊዜ እደውላለሁ፣ አፉ በሉኝ» አለች። ስልኩ ጠቆረ። መስታወቱ ላይ የዝናብ ጠብታ ብቻ ቀረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቁምና ስለ እኛ ላውራ። በእኛ አገር ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ ስትመጣ አቅፈን እንስማታለን፤ እያቀፍናት ግን ዓይናችን በትከሻዋ ላይ አልፎ ሻንጣዋን ይቆጥራል። «ደህና ገባሽ?» እንላለን፤ «ምን ይዘሽ ገባሽ?» ማለታችን ነው። ሳሎን ገብተን ቴሌቪዥኑን እናያለን፣ ቤቱ ታድሶ እንደሆነ ጣራውን እናያለን። የመጣችው ልጅ መሐል ተቀምጣ መታየት ትጠብቃለች። እኔ ራሴ ስንት ቤት ሄጄ እንዲህ አይቻለሁ፤ እናንተም ብትሆኑ አላደረግንም አትበሉኝ። ይህን ዓይናችንን ልጆቻችን ያውቁታል። ፈርተውት ነው እዚያው የሚቀሩት።

ከድጃ አላለቀሰችም። ወደ በረንዳው ተመልሳ ችግኞቿን ይዛ መጣችና ጭቃው መሐል ቁጢጥ ብላ መትከል ጀመረች። «ሥሩ ይታፈናል እኮ» ልላት ፈልጌ ተውኩት። መኮትኮቻዬን ይዤ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። እትዬ አስካለም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ከወዲያ በኩል ገቡ። ዝናቡ ጀርባችንን እየደበደበ ችግኙ እስኪያልቅ ተከልን። ሲያልቅ እትዬ አስካለ ተነሡና ጭቃ የሆነ እጃቸውን በዝናቡ ታጠቡ።

«ከድጃ፣ የሄደችው ሰው ቤት እንጂ መቃብር አይደለም» አሏት። «በይ ነይ ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል።»

በቆላ ብርድ የሚመታው ሰው አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ከድጃ ትንቀጠቀጥ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ የተዳቀለ ማንጎ ገዛሁ። ደህና ችግኝ ነው፣ ግንዱ የጣት ያህል። ጥጉ ላይ ጉድጓድ ልቆፍር ዶማ ሳነሳ ከድጃ መጣች።

«አትተክለውም።»

«ራሷ እኮ ነች ትከሉ ያለችው።»

«እሷ ትትከለው። ከነፕላስቲኩ አስቀምጠው። እኛ ከተከልነውማ መቆየቷን ተስማማን ማለት ነው።»

ከባለቤቴ ጋር ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ፤ የሚከራከሩትንና የማይከራከሩትን ድምፅዋን ለይቼ አውቃለሁ። ይህኛው የማይከራከሩት ነው። ችግኙን ከነፕላስቲኩ ጥጉ ላይ አስቀመጥኩት። በየማለዳው እሷ ታጠጣዋለች።

አረፋ መጣ፣ ሄደ። ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ጥጉን ላጸዳ ፕላስቲኩን ፈቀቅ ላደርገው ብሞክር እምቢ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ባየው ሥሩ የፕላስቲኩን ታች በስቶ መሬት ገብቷል። ይባስ ብሎ ዙሪያውን የበሰለ ፍግ በእጅ ተጠጋግቶለታል፤ የጣት አሻራው እንኳ አልጠፋም። እኔ አላደረግኩትም። እትዬ አስካለ ደግሞ የእርሳቸውን ፍግ ለሰው ጓሮ አያወጡም።

ለከድጃ ምንም አላልኳት።

ከዚያ በኋላ ሐያት በደወለች ቁጥር እናትየዋ ማንጎውን ታሳያታለች። ባለፈው እሑድም አሳየቻት። ችግኙ ጫፉ ላይ አዲስ ቀይ ቅጠል አውጥቶ ያብረቀርቃል። በትንሽ ፕላስቲክ የታፈነ ሥር እንዲህ ያለ ቅጠል አያወጣም፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ የእኛ ቤት ልጅ መሆን ይበቃል።

«አየሽው?» አለቻት ከድጃ። «አሁንም ከነፕላስቲኩ ነው። አልተከልነውም።»

ሐያት ስልኩን ወደ ዓይኗ አቀረበችና ቅጠሉን ትኩር ብላ አየችው። እኔን አየችኝ። እናቷን አየቻት።

«እሺ እማ» አለች። «እንዳትተክሉት። መጥቼ እተክለዋለሁ።»