አባ ጸጥታ ፔርሙዝ የጣለበትና ባዶውን ያየበት ዜና

አባ ጸጥታ በር በያዘ በሃያ ሁለተኛው ዓመት፥ በዘመነ ሣልሳዊ ሥራ አስኪያጅ፥ የጆንያ ፋብሪካው አጥር አረንጓዴ በተቀባ በዐሥራ አራተኛው ቀን፥ ዕለቱም ማክሰኞ፥ ከቀኑ በስምንት ሰዓት የሆነው ይህ ነው።

ይህ አባ ጸጥታ፥ ሊቀ ዘበኛ፥ ዐቃቤ አንቀጽ ማለት በር ጠባቂ፥ የመኪና ሰሌዳ ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ፥ ፈቃድ የሌለውን የማያስገባ፥ ፈቃድ ያለውንም በቀላሉ የማያስገባ፥ በዚያች ሰዓት ለከሰዓቱ ዘበኛ፥ ለእህቱ ባል፥ ጠመንጃ ያስረክብ ነበር። ሥርዓቱም እንዲህ ነው፦ አስረካቢው አፈሙዙን አሸዋ ወደሞላው በርሜል አዙሮ ጥይቱን ያራግፋል፤ ተረካቢውም በዓይኑ አይቶ፥ በጣቱ ዳስሶ፥ «ባዶ!» ብሎ ያውጃል፤ ከዚያ አስረካቢው ለማረጋገጫ ቃታ ይስባል። ነገር ግን ከስድስት ዓመት ወዲህ የእህቱ ባል ከጥበቃ ቤቱ ሳይወጣ፥ ሻዩን እያማሰለ፥ ሳያይ «ባዶ!» ይል ነበር። ደህና ዋልክ የተባለ ሰው ጥርሱን እያመመውም ደህና እንደሚል፥ ያ ቃል ሰላምታ ሆኖ ቀርቶ ነበር።

በዚያች ማክሰኞ በርሜሉ በቦታው አልነበረም፤ ቀለም ቀቢዎች ሊቆሙበት ወስደው ጓሮ ትተውታል። አባ ጸጥታ ግን ለጥንቱ ሥርዓት ታማኝ ነውና፥ አፈሙዙን በርሜሉ ይቆምበት ወደነበረው ስፍራ አዞረ። ከዚያ ስፍራ በስተኋላ የቆርቆሮው ጥበቃ ቤት አለ። አስቀድሞም አቀባበለ፥ አንዲት ጥይትም ወጣች፤ ቀጥሎ የጥይቶቹን ማደሪያ፥ ካዝናውን፥ ነቀለ። ይህም የኋላውን ማስቀደም ነው፤ ካዝናው ሳይነቀል ያቀባበሉት ጠመንጃ ሌላ ጥይት ይጎርሳልና። ከጥበቃ ቤቱም «ባዶ!» የሚል አዋጅ ወጣ። አባ ጸጥታም አዋጁን አምኖ ቃታ ሳበ።

ርግቦች ከጣሪያ ተነሡ፥ የመስፊያ መኪኖች ቆሙ። ጥይቲቱም ቆርቆሮውን በስታ የእህቱን ባል ቀይ የሻይ ፔርሙዝ ደረቱን አለችው፤ እርሱም ሻዩን አፍስሶ ወደቀ። ከፔርሙዙ እስከ እህቱ ባል ጉልበት አንድ ስንዝር ነበር።

አባ ጸጥታ ሮጦ ገብቶ የእህቱን ባል ከራሱ እስከ እግሩ ዳሰሰው፤ ደግሞም ዳሰሰው፤ ከዚያ በፈሰሰው ሻይ ላይ ተቀመጠ። እህቱን በምን ዓይኑ ሊያያት እንደነበር አስቦ አለቀሰ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፥ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። የጀግና እንባ መጻፍ ለዜና ጸሐፊ አያምርም፥ ነገር ግን አለቀሰ።

በማግስቱም ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሥራ አስኪያጁ አዋጅ ተለጠፈ፦ «መሣሪያ የያዘ ዘበኛ ሁሉ የሦስት ቀን ሥልጠና ይወስዳል። ፈተናውን የወደቀ ጠመንጃውን አስረክቦ መኪና ማቆሚያው ጋ ፊሽካ ይነፋል።» እህቱም ከበሩ መጥታ፥ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ አወጀች፦ «ወንድሜ፥ አንድዬ ነህ፥ ክፉህን አልወድም። ግን ይህን ነገር በወጉ ማራገፍ ካልቻልክ ባሌ ካንተ ጋር ተረኛ አይሆንም፤ አንተም ደጄን አትረግጥም!» ከሁለቱ አዋጆች የትኛው እንዳስፈራው መናገር አያስፈልግም።

ወደ ሥልጠናም ወጣ። የተከተሉትም እኒህ ናቸው፦ የእህቱ ባል፥ ሻይ ያቃጠለው ጉልበቱ በፋሻ ታስሮ፤ የጓሮ በር ዘበኛ፥ ወንበሩን ተሸክሞ፤ የመጋዘኑ ዘበኛ፥ ዕንቅልፉን ተሸክሞ፤ የጽዳት ሠራተኛዋም፥ ማንም ሳይጠራት። አሠልጣኟ ጡረታ የወጣች አሥር አለቃ፥ በቁመት አጭር፥ በድምፅ ነጎድጓድ ናት። ጧት ጧትም እንዲህ ታውጅ ነበር፦ «ጠመንጃ ሁሉ ጎርሷል! ባዶ ነው ያለህ አባትህ ቢሆንም ጎርሷል! ካዝና ይቀድማል!» አባ ጸጥታም ቤቱ ገብቶ በመጥረጊያ እንጨት ላይ ካዝና ሲነቅል፥ ሲያቀባብልና ሲዳስስ አመሸ፤ ሚስቱም ቤቱን የምትጠርግበት አጣች።

በሦስተኛው ቀን፥ ከረፋዱ በአምስት ሰዓት፥ አሠልጣኟ ባሩድ የሌላት የልምምድ ጥይት ያጎረሰችውን ጠመንጃ ሰጠችው። አፈሙዙን ወደ በርሜሉ አዞረ፤ በርሜሉም መኖሩን በእግሩ ነካ አድርጎ አረጋገጠ። ያን ጊዜ ቀኝ እጁ፥ በዚያች ማክሰኞ የተሳሳተችው እጅ፥ በገዛ ፈቃዷ ወደ ማቀባበያው ሄደች። የእህቱ ባል ዓይኑን ጨፈነ። አባ ጸጥታም ላብ እያጠመቀው እጁን ቀስ ብሎ መለሳት፤ ካዝናውን ነቀለ፤ አቀባበለ፤ ጥይቲቱም ዘላ ወደቀች፤ አየ፤ ዳሰሰ።

የእህቱም ባል ከደስታ ብዛት ከቆመበት ሆኖ «ባዶ!» አለ። አባ ጸጥታም በታላቅ ድምፅ አወጀ፦ «አንተ ሰውዬ፥ መጥተህ በዓይንህ ካላየህ እዚሁ እመሻለሁ እንጂ አልስብም!» እርሱም እያነከሰ መጣ፥ አየ፥ ወፍራም ጣቱንም ወደ ጥይት መጉረሻው ሰደደ፤ ጣቱም ተቀርቅራ ቀረች። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳሙና ይዛ እስክትደርስ፥ ጣቲቱም ተሟልጣ እስክትወጣ ድረስ፥ ያ ጠመንጃ ባዶ ለመሆኑ የተጠራጠረ ማንም አልነበረም። አሠልጣኟ ግን ሁሉን እንደገና ከመጀመሪያው አስደገመችው። በመጨረሻም አባ ጸጥታ ቃታ ሳበ። ምንም አልሆነም።

ሌሎች ጀግኖች በጮኸ ጠመንጃቸው ይወደሱ። ክብርና ምስጋና ግን ለአባ ጸጥታ ይሁን፥ ለሊቀ ዘበኛ፥ እጁን ድል ለነሣ፥ አይቶ ለማያምን፥ ዳስሶም ዳግመኛ ለሚያይ፤ የእህቱ ባል በዚያች ቀን በዘጠኝ ሰዓት ቤቱ ሲገባ፥ እህቱ «የት ተገትረህ ነው ምግቡ ሦስት ጊዜ የሞቀው?» ብላ ጎረቤት እስኪሰማ እንድትቆጣው፥ የምትቆጣውን ባል ላቆየላት።