ተራራውን አውርጄ እትዬ በለጥሻቸውን ስሰቅል

ሰው ኮምፒውተር ሲገዛ የሚጨነቀው ስለ ዋጋው፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ቫይረሱ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚለጠፈው ሥዕል፣ ያ ዎልፔፐር የሚሉት፣ ከጭንቀት አይቆጠርም። አበባ የወደደ አበባ፣ መኪና ያማረው መኪና ይለጥፋል፤ ምን ጠያቂ አለበት ይባላል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። የሚስት ዘመድ ላለው ሰው ግን ውሸት ነው።

ሸዋሮቢት ለሚኖር ደግሞ ይብሳል። የከተማችንን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ በሩን ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል ተብሎ ሽማግሌ ይላክበታል። ስለዚህ በራችን ቀኑን ሙሉ ወለል ብሎ ይውላል፤ ኮምፒውተሩም ሌላ ቦታ ስለጠፋ በሩ ትይዩ ተቀምጧል። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። እንግዲህ ይህ ስክሪን ነው ወይስ የሳሎን ግድግዳ? እኔ ስክሪን ይመስለኝ ነበር። እትዬ በለጥሻቸው ግን ግድግዳ ነው ብለው ፈረዱ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። እትዬ በለጥሻቸው የባለቤቴ የየሺ አክስት ናቸው። የሚኖሩት ማጀቴ ከተማ ነው። የሺን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ እናቷ ናቸው ብል አላጋነንኩም፤ እንደ እናትም ይቀየማሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሊጠይቁን ሲመጡ ቤቱን ቀለም አስቀብተን ስለነበር የሳቸው ፎቶ ከነፍሬሙ ከግድግዳ ወርዶ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ቆሞ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ሲገዛ አብሮት የመጣ በረዶ የለበሰ ተራራ ተገትሯል።

"ይሄ የማን አገር ነው?" አሉ።

አላውቀውም አልኩ። እውነቴን ነው፣ አላውቀውም።

"የማታውቁትን ተራራ ሰቅላችሁ እኔን ከቁም ሳጥን ጀርባ ጣላችሁኝ?" አሉና ምሳ ሳይቀምሱ በመጡበት ተመለሱ። የሺም የሳቸው ልጅ ናት፣ ኩራቱን ከማን አመጣችው? "ለአንድ ፎቶ ብለው" ብላ እሷም ተቀየመች። እሳቸው አይደውሉም፣ እሷም አትደውልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስማቸውን አታነሳም፤ ግን ከማጀቴ የመጣ ሰው ካገኘች "ዝናቡ እንዴት ነው?" ብላ ትጀምርና ዞራ ዞራ ከእትዬ በለጥሻቸው የጉልበት ሕመም ላይ ትደርሳለች። አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

ባለፈው ወር እኔ በሰው እየላክሁ ከስንት ልመና በኋላ "ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ግን አላድርም" የሚል መልእክት ደረሰን። ይህችን ቀን ካበላሸናት ሌላ ቀን እንደማይሰጡን ሁለታችንም ገብቶናል። የሺ ዶሮ ገዛች። እኔ ደግሞ ለሷም ሳልነግራት ተራራውን ላወርደው ወሰንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የሺ ሽንኩርት ልትጨምር ገበያ እንደወጣች ያንን የእትዬ በለጥሻቸውን የፍሬም ፎቶ በስልኬ አንስቼ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባሁት። ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ስክሪኑን ሙላ ስለው ከግንባራቸው በላይ ተቆረጡ። ለጥጥ ስለው ፊታቸው ድፎ ዳቦ አከለ። ደርድር ስለው ሃያ አራት እትዬ በለጥሻቸው ባንድ ጊዜ አፈጠጡብኝ፤ እኛ አንዷንም አልቻልናቸው። በመጨረሻ በልኩ አድርግ ስለው እሳቸው መሃል ላይ በክብር ተቀመጡ፣ ግራና ቀኛቸው ጥቁር ሆነ። ፎቶው ስለደበዘዘ ቀለሙን አጥፍቼ ጥቁርና ነጭ አደረግሁት። ግርማ ሞገስ ሰጣቸው። ራሴን አመስግኜ ዶሮውን ላርድ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

እናንተ ብልሆች ስለሆናችሁ ገብቷችኋል። በአገራችን ትልቅ ፎቶ፣ ያውም ጥቁርና ነጭ፣ ያውም ጥቁር ከቦት፣ በር ትይዩ የሚቀመጠው ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ዶሮ ላይ ነበርኩ።

ጎረቤታችን ሐሊማ ከጓሮዋ ማንጎ ይዛልን ብቅ ስትል ያንን አየች። "ኢና ሊላሂ" ብላ ማንጎውን አስቀምጣ ቁጭ አለች። ሐሊማ ስትቀመጥ ያየች ሌላ ሴት ገባች፤ እሷን ያየች ደግሞ ሌላ ጠርታ ገባች። ዶሮውን ይዤ ስመለስ ሳሎኔ በነጠላና በሻርፕ ተሞልቷል።

ቸኩሎ የሚናገር ሰው "ማን ሞተ?" ይላል። ጨዋ ሰው አይልም። እኛ ዘንድ ለቅሶ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ የሞተውን በኋላ ቀስ ብሎ ያጣራል። ሐሊማ እኔ ቤት ሳለች መርዶ የደረሳት መሰለኝ። ዶሮውን ጥግ አስቀምጬ፣ በሩ አጠገብ ጀርባዬን ለስክሪኑ ሰጥቼ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። የቤቱ አባወራ ሲያለቅስ ያዩት ደግሞ የቀረቻቸው ጥርጣሬ ጠፋች። አንዱ ድንኳን ሊያስወጣ ወደ እድሩ ሮጠ።

የሺ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ስክሪኑን አየች። ዘንቢሉ ከእጇ ወደቀ፤ ሽንኩርቱ እየተንከባለለ ከእግራችን ሥር ገባ።

"እናቴ" አለች። መሬት ላይ ወደቀች።

ዞሬ ስክሪኑን አየሁ። በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ። ልነሳ ስል አንዲት ባልቴት ቋጠሯቸውን ደጃፉ ላይ ጥለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። እሳቸውም ጨዋ ናቸውና ማን ሞተ አላሉም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስለነበር ያወቅኋቸው እኔ ብቻ ነኝ። እትዬ በለጥሻቸው ማጀቴ ድረስ ሳያስኬዱን ለራሳቸው ለቅሶ ደረሱ።

እንደ ወጉ ጥቂት ካለቀሱ በኋላ በወዲያ ጎናቸው ወዳለችው ሴት ጠጋ ብለው፣ ቀስ ብለው ጠየቁ። "ማን ነው የሞተው?"

"የየሺ አክስት ናቸው አሉ። ያውቋቸዋል?"

እትዬ በለጥሻቸው ቀና ብለው ስክሪኑን አዩ። ትክ ብለው አዩት። ከዚያ የሺን አዩ።

"ጥቂት ጥቂት" አሉ።

የሺ አንደበቷ ተፈታ። "ቁጥርሽን ስንቴ አውጥቼ መልሼ ዘጋሁት። ነገ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ እያልኩ። ኩራቴ ይቃጠል። ጉልበትሽ እንዴት ነው ሳልልሽ፣ ይቅር በዪኝ ሳልልሽ" ትላለች። እኔም አለቀስኩ፤ ያሁኑ የወግ አልነበረም። ከዚህ በላይ ግን መስማት አልቻልኩምና "ኧረ የሺ፣ ተይ፣ እሳቸው እኮ" ብዬ ስጀምር እትዬ በለጥሻቸው ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ። እንባቸው በአገጫቸው ይወርዳል።

"ዝም በል" አሉኝ፤ "ትጨርስ።"