አዲስ ሞተር የገዛ ባል

ሞተር ሳይክሏ እቤታችን የገባችበት ቀን ሰማዩ አኩርፎ ውሎ አመሻሹ ላይ ያካፋ ጀመር። በር ላይ ቆሜ የሞተር ድምፅ ስጠብቅ ባለቤቴ በእግሩ እየገፋት ብቅ አለ። ኮቱን አውልቆ መቀመጫዋን አልብሷታል። እሱ እስከ አጥንቱ ርሷል፤ እሷ ጠብ ያለባት የለም።

አዲስ ሞተር የገዛ ወንድ ሁሉ አንድ ነው። ሽበታም ይሁን ጎረምሳ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ የምናውቀው ሰውዬ ከቤት ይጠፋል፤ በእሱ ቦታ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ማለት ያው የእኔው አናጢ፣ እስከ ትናንት "ካልሲዬን የት ጣልሽው?" ሲል የከረመው።

"ለምን አልነዳሃትም?" አልኩ።

"በዚህ ጭቃ? ገና ሙሽራ ናት እኮ!"

ይቺ "ሙሽራ ናት" ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው አልጠፋችም። እኔን ባገቡኝ በሳምንቱ ውሃ ሲያስቀዱኝ ሙሽራነቴ ትዝ ያላቸው አይመስለኝም።

ሙሽራ ስለሆነች አትሮጥም። አንድ ቀን ምርኩዝ የያዙ አዛውንት በእግራቸው ቀደሟቸውና ዞር ብለው "በርታ ልጄ፣ ትደርሳለህ!" አሏቸው። ባለሱቁማ "ጋሼ፣ እየነዱ ነው ወይስ እየገፉ?" ሳይል አያሳልፋቸውም። እሳቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው ያልፋሉ። ትልቅ ሰው ለነገረኛ መልስ አይሰጥም።

ሄልሜታቸውን ቤት ውስጥም አያወልቁም። እራት ላይ ስለ ኩርባ ያስተምሩኛል። "ኩርባ ስትገቢ ሰውነትሽ ከሷ ጋር መዘንበል አለበት" አሉና ለማሳየት ከነበርጩማቸው ዘንበል አሉ። በርጩማዋ የሚሉትን አልሰማችም። "እንዲህ ነው እንግዲህ" አሉ፣ ከወለሉ ላይ።

የተገዛችው ግን ለእኔ ነበር። ላውንደሪ ቤት ቀኑን ሙሉ ቆሜ ልብስ ስተኩስ እውላለሁ፤ ማታ የቤታችንን ዳገት ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። "ጉልበትሽ ይረፍ" ብለው ነው ሞተር እንግዛ ያሉኝ። ታዲያ "መቼ ነው የምታፈናጥጠኝ?" ባልኩ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፤ "ሙሽራ ሰው አትሸከምም።" እኔም ዳገቴን እወጣለሁ። መጨቃጨቅ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ እሱን ደግሞ ዳገቱ ጨርሶታል።

አንድ ቀን ማጠቢያው ክፍል የምትሠራው ጓደኛዬ እየሳቀች መጣች።

"ባልሽ ኳስ ሜዳው ላይ ከረጢት አፈናጦ ሲዞር አየሁት። በቀበቶ ከወገቡ ጋር አስሮታል። ደግሞ ያወራዋል!"

"ምን ብሎ?"

"'ጠበቅ አድርገሽ ያዢኝ' ሲለው ሰማሁ በጆሮዬ!"

ደሜ ፈላ። እኔ የተከለከልኩት ወንበር ላይ ከረጢት ይቀመጥበት? ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ሜዳው ገሰገስኩ። አንድ ድብልብል ያለ ከረጢት መቀመጫው ላይ ሲያስሩ አገኘኋቸው። የሞላው አሸዋ ነው።

"ሰው የማትሸከም ሙሽራ አሸዋ ትሸከማለች?"

ሄልሜቱን አወለቀ። ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል።

"ብቻዬን ስሆን እችላታለሁ" አለኝ። "ከኋላ ክብደት ሲኖር ግን ትወላገድብኛለች። አንቺን ከምጥልሽ ብዬ ነው።"

"እና ይሄ እኔ ነኝ?"

"በአንቺ ልክ ነው የሞላሁት።"

ከረጢቱን ዞሬ አየሁት። "ይሄ በእኔ ልክ ነው?"

"ትንሽ ጨምሬበታለሁ። ቦርሳ ትይዢ ይሆናል ብዬ።"

"ስንት ጊዜ ጣልከኝ?"

"ሁለቴ" አለ አቀርቅሮ። "መጀመሪያ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልወደቅሽም።"

ቁጣዬና ሳቄ እኩል መጡብኝ። ከረጢቱን ፈትቼ አወረድኩና በቦታው ተፈናጠጥኩ። ወገቡን ያዝኩት። እንደ ከበሮ ይመታል ልቡ፣ በጀርባው በኩል ይሰማኛል። ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር "አለሽ?" ይለኛል። "አለሁ" እለዋለሁ። ዳገቱን እንዲሁ እየተጠራራን ጨረስነው።

አሁን በየማታው ከሥራ ስወጣ ላውንደሪው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።