የአንድ ማርክ ውርስ

ሰው ከአባቱ አፍንጫ ይወርሳል፣ ራሰ በራነት ይወርሳል፣ ዕድለኛ ከሆነ ቤት ይወርሳል። ቂምስ ይወረሳል ወይ? እኔን ባትጠይቁኝ ይሻላል፤ በዚህ ጉዳይ ወገንተኛ ነኝ።

ባዮሎጂ ተምሬያለሁ። በመመረቂያ ጽሑፌ፣ ረሃብና ጭንቀት የጂኑን ፊደል ባይቀይሩም ማብሪያና ማጥፊያውን ሊነካኩ እንደሚችሉ፣ ይህም አንዳንዴ ለልጅ እንደሚተላለፍ ጻፍኩ። አማካሪዬ «ይህ እርግማን እንጂ ሳይንስ አይደለም» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ «ሲ» ሰጠኝ። በዚያች «ሲ» ምክንያት ረዳት መምህርነቱ አመለጠኝ። ከዓመታት በኋላ ከዘነበወርቅ በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ በሬዲዮ ማንን ብሰማ ጥሩ ነው? ያንኑ ሰውዬ፣ ያንኑ ሐሳብ በኩራት ሲያስረዳ! «ወራጅ አለ» ብዬ ፌርማታዬ ሳይደርስ ወረድኩ።

ባለፈው ወር ደግሞ አሥረኛ ክፍል ያለችው ልጄ ረድኤት የባዮሎጂ ፈተናዋን ይዛ መጣች። አካባቢ በጂን አሠራር ላይ ያመጣው ለውጥ ለልጅ ሊተላለፍ ይችላል ለሚለው ጥያቄ «እውነት» ብላ ኤክስ ተደርጎባታል። መልሱን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እራት ላይ፣ ሳትጠይቀኝ። ለአንድ ማርክ ምን አስጨነቀን የምትል መሰላችሁ? «አባዬ፣ ነገ አብረን እንሄዳለን» አለችኝ።

ኮልፌ ካለው ትምህርት ቤቷ ሄድን። ቲቸር ሰላም ገና ወጣት ናት፤ መጽሐፉ ላይ የለም አለችኝ በትሕትና። በአይጦች ላይ ተሞክሮ የታየውን አስረዳኋት፤ በሰው ላይ ገና እንደሚያከራክርም አልደበቅኩም፣ እኔ እንደ አንዳንዱ አማካሪ አይደለሁማ! ረድኤትም ከጎኔ ቆማ፣ ልክ እንደኔ ጠረጴዛውን በጣቷ እያንኳኳች፣ በየመሀሉ ታግዘኛለች።

ቲቸር አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ስታይ ቆይታ ሳቋ አመለጣት። «ጋሼ፣ በቃ አሸነፉኝ! ይቺ ልጅ በየፈተናው እንዲህ እያንኳኳች ነው የምታስጨንቀኝ። ከማን አመጣችው እያልኩ ስገረም ከረምኩ። ማስረጃው ፊቴ ቆሞ እንዴት ሐሰት ልበል?» ብላ ኤክሱን ሰርዛ ራይት አደረገችው።

ከተማረ ሰው ይህን ለመስማት ሃያ ዓመት ጠብቄያለሁ። ነገር ግን እናቷን ሳገባ ረድኤት የአራት ዓመት ልጅ እንደነበረች፣ ከእኔ አንዲት ጂን እንዳልወሰደች መናገር ነበረብኝ፤ ሳይንስ ሐቀኝነት ይፈልጋል። አፌን ልከፍት ስል ረድኤት እግሬን ረገጠችኝና «እናመሰግናለን ቲቸር» ብላ እየጎተተች አስወጣችኝ።

የግቢው በር ላይ ስንደርስ ፈተናዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ጠየቀችኝ፦ «አባዬ፣ ያ «ሲ» የሰጠህ ሰውዬ ቢሮው የት ነው?»