ይቆይ የተባለው ስልክ

ስልካችሁ ላይ አንድ ፊደል ነክታችሁ ገጹ ስታክ ሲያደርግ ደማችሁ አይፈላም? የኔ እንጀራ እሱ ነው። ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ቁጭ ብዬ የሰው ድረ ገጽ ድርቅ እንዳይል እሠራለሁ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ሁሉን እኩል አታጣድፍ። ሰውዬው የጻፈው ፊደል ወዲያው ይታየው። ከሥር የሚመጣው ረጅም የዕቃ ዝርዝር ግን ትንሽ ቢዘገይ ማንም አይሞትም። ይቆይ!

ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ አመል ሆኖብኝ ቀረ። የአለቃዬ መልእክት? አሁን። ፀጉር መቆረጥ? ይቆይ። ከአዲስ አበባ የምትደውል እናቴ? እሷማ የት ትሄዳለች፣ ማታ እደውላለሁ። ማታ ደግሞ የራሱ ሥራ አለው።

ባለፈው ሳምንት ከምሳ በኋላ እንግዳ ተቀባያችን ዋንጂሩ፣ ታች ሁለት ዋዜ ይፈልጉሃል አለችኝ፤ ሽማግሌዎች ማለቷ ነው። ወረድኩ። የእናቴ የድሮ ወዳጆች፣ እዚሁ ናይሮቢ ኪሌሌሽዋ ሰፈር የሚኖሩት ጋሽ ታደሰና ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ! በሥራ ቀን፣ ሳይደውሉ።

«ምሳ በልተሃል ልጄ?» አሉኝ እትዬ አልማዝ።

አለቀልኝ! ይህን ጥያቄ የማያውቅ አበሻ አለ? መርዶ ከመንገራቸው በፊት እህል ያስቀምሱሃል። እናቴ፣ ስልኳን ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳሁላት ቀን፣ ታስል ነበር። ስብሰባ አለብኝ ብዬ ሳሏን ሳትጨርስ ዘጋሁባት። የፈሩት ይደርሳል አሉ። አልበላሁም ብል ምግብ ቤት ሊወስዱኝ ነው፤ በልቻለሁ ብል እዚሁ ሊነግሩኝ ነው። የቱ ይሻላል?

በልቻለሁ አልኩ። እውነቴን አልነበረም።

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የመጣነው በእናትህ ጉዳይ ነው ከማለታቸው «እናቴን!» ብዬ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ዋንጂሩ «ፖሌ ሳና»፣ በጣም አዝናለሁ፣ እያለች ውሃ አመጣች። ጥበቃው ቆቡን አወለቀ። እትዬ አልማዝም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውኝ ማልቀስ ጀመሩ፤ ሰው እያለቀሰ ዝም ይባላል እንዴ?

«ኧረ ተው፣ ምን ነካህ! ደህና ናት! ዛሬ ጠዋት አነጋግራናለች!» ብለው ጮኹ ጋሽ ታደሰ።

ታዲያ ምን ልትሉኝ መጣችሁ አልኩ፣ ንፍጤን እየጠረግሁ።

ተያዩ። ለካ እናቴ ስልኳን የማላነሳው ተቀይሜያት መስሏት ኖሯል። ምን እንዳስቀየመችኝ አስባ አስባ ቢጠፋት ሽማግሌ ላከችብኝ። ጋሽ ታደሰ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው፣ ምንም ብትበድልህ እናት ናትና ይቅር ለእግዜር በል አሉኝ።

ገጽ የዘገየበት ደንበኛ ሰድቦን ነው የሚሄደው። እናቴ ግን፣ የዘገየሁባት እኔ፣ ይቅርታ የምትለምነው እሷ።