የምስጋናው ልምምድ

የዩኒቨርሲቲው የውጭ አገር ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አስተባባሪ ሥራዋን የጀመረችው ምድር ቤት ውስጥ፣ ከአንዲት መስኮት ኋላ ተቀምጣ ነበር። ተማሪ መጥቶ መኖሪያ ፈቃዴ ሊያበቃ ነው ካላት የድጋፍ ደብዳቤውን እዚያው ጽፋ ትፈርምና ማኅተሙን እፍ እፍ ብላ ታሳርፍበታለች። የታመመውን ሐኪም ቤት ታደርሳለች፤ ከአከራዩ የተጣላውን ታስታርቃለች። ተማሪዎቹም ስሟን ትተው «እታለም» ይሏት ነበር።

እንዲህ ያለ ትጋት በዝምታ አይታለፍምና አሳደጓት። ተማሪን በሚገባ ስላስተናገደች ተማሪ ወደማይደርስበት ፎቅ ወጣች። እዚያ ሆና ለተማሪ ስለ መቅረብ መመሪያ አወጣች፤ መመሪያው ተወደደና ሌላ ፎቅ ጨመሩላት። አሁን «የተማሪዎች ቅርበት ዋና ዳይሬክተር» ናት። ወደ ቢሮዋ የሚወስደው አሳንሰር ያለ ሠራተኛ መታወቂያ አይንቀሳቀስም፤ ይህም ቅርበቱ እንዳይረበሽ ነው።

ዘንድሮ የውጭ አገር ተማሪዎች ቀን ይከበር ተባለ። ተማሪዎቹ ከልባቸው እንዲያመሰግኑም ታዘዘ። ከልብ የሚወጣ ነገር ደግሞ ልምምድ ይፈልጋል። ለዚህ የተመረጠው ስለ ዓሣ በሽታ የሚያጠናው የዶክትሬት ተማሪ ነበር፤ ጓደኞቹ «ዓሣው» ይሉታል። ጥርሱ ለካሜራ የተሠራ ነው። እሷው ራሷ ልታሠለጥነው አዳራሽ ወረደች።

«እታለም፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤» አላት።

አብራት የወረደችው ጸሐፊዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ክብርት ዳይሬክተር፣ በል።»

«ክብርት ዳይሬክተር፣ መኖሪያ ፈቃዴ የበዓሉ ዋዜማ ያበቃል። ደብዳቤዬ ላይ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። ካልፈረሙልኝ ይመልሱኛል፤ ጥናቴም ሜዳ ላይ ይቀራል።»

«እኔ እያለሁ? ምን ሲደረግ!» አለች፤ ከልቧም ነበር። «ብቻ በቀጠሮ አምጣው። መመሪያውን ያወጣሁት እኔ፣ የምጥሰውም እኔ ልሁን?»

«ቀጠሮ ስጠይቅ ልምምድ ላይ ናቸው ይሉኛል።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የምለማመደው? ካንተ ጋር! ከአንተ በላይ ጊዜዬን የወሰደ ተማሪ አለ?»

ዓሣው ደብዳቤውን ከሚለማመደው የምስጋና ንግግር ወረቀት በላይ አድርጎ አቀረበላት። እስክሪብቶዋን ስታወጣ ደስታው ፊቱ ላይ ታየ። እሷ ግን ደብዳቤውን ገለል አድርጋ፣ ከሥሩ ካለው ንግግር «አመሰግናለሁ» የሚለውን ሰርዛ «እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ» ብላ አረመችና ወረቀቶቹን መለሰችለት።

«አሁን እንባ፤» አለችው። «"ብቻዬን አልነበርኩም" የምትለው ላይ። ጥቂት ብቻ።»

እንባው መጣ፤ ከታዘዘውም በላይ መጣ። ቪዲዮ አንሺው ለመጠባበቂያ ቀረጸው። ዳይሬክተሯም ዓይኗን ጠረገች። «ተሰጥኦ ማለት ይሄ ነው፤» አለች።

በበዓሉ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። የዓሣው ወንበር ግን ባዶ ነበር። መርሐ ግብሩ ሊጀመር ሲል ስልኳ ጠራ።

«እታለም፣ አውሮፕላን ማረፊያ ነኝ። ሊመልሱኝ ነው። የተፈረመውን ደብዳቤ አሁን በስልክ ፎቶ አንስተሽ ብትልኪልኝ እንቆያለን ብለዋል።»

ዳይሬክተሯ ክው አለች። የድሮዋ እታለም ብድግ አለችባት። «ቶሎ በይ፣ ወረቀትና ማኅተም ከምድር ቤት አምጪልኝ!» አለቻት ጸሐፊዋን።

«ምድር ቤት ዝግ ነው እኮ።»

«በሥራ ቀን? ለምን?»

«የውጭ አገር ተማሪዎች ቀን ነዋ! ሠራተኛው በሙሉ ወጥቶ እንዲያጨበጭብ ይዘጋ ያሉት እርስዎ ነዎት። ቁልፍ ያዧም መጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ ናት፤ ሰው ካልተነሣ አትወጣም።»

መብራት ጠፋ። የመጠባበቂያው ቪዲዮ ተከፈተና ዓሣው ግድግዳ አክሎ ታየ። «ብቻዬን አልነበርኩም» ሲል ድምፁ ተቆራረጠ፤ እንባው ወረደ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ቁልፍ ያዧም ቆማ ታጨበጭባለች። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ወደ ዳይሬክተሯ ጎንበስ ብለው፣ «ከተማሪ ጋር እንዲህ መቀራረብ! አንድ ፎቅ ይገባሻል፤» አሏት።

ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰችው።

«እታለም፣ ይዘውኝ እየሄዱ ነው። ፈረምሽልኝ? የምን ጭብጨባ ነው?»

«ያንተ ነው፣ ልጄ፤» አለችው እያለቀሰች። «እንባው ላይ ሲደርስ እኮ አዳራሹ በሙሉ ተነሣልህ!»