ሳልዘምር የዘመርኩባቸው ዓመታት

ሠርግ ላይ የሙሽራው ሚዜዎች እየዘፈኑ ሲገቡ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ስምንት ሆነው ይገባሉ። ሁለቱ ይዘፍናሉ፣ አንዱ ይጨፍራል፣ የቀሩት አምስቱ አፋቸውን እየከፈቱ እየዘጉ ያጨበጭባሉ። ግጥሙን አያውቁትም። ግን ማን ይነቃባቸዋል? ስምንት ናቸዋ!

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነበር። ጠዋት ሰልፍ ላይ የፊተኞቹ ይዘምራሉ፣ የኋለኞቹ ያዛጋሉ። ዳይሬክተሩ ወደ ኋላ ብቅ ሲሉ የኋለኞቹ ድምፅ በድንገት ያምራል።

እኔ እንዲህ ያለውን ሰው ከሩቅ አውቀዋለሁ። እንዴት አወቅሽ ካላችሁኝ... ይኸው ፊቴ ቀላ። ደግነቱ ጽሑፍ ፊት አያሳይም። ዓይን አፋር ነኝ፤ ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ ሁለት ፌርማታ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ነገር ቀስ ብላችሁ ስሙኝ፣ አትሳቁብኝ። ወይም ሳቁ፣ ግን ለእናቴ አትንገሩብኝ።

አዳማ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አሥራ ሁለት ዓመት የመዘምራን አባል ነኝ። ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ አሥራ አንዱን አልዘመርኩም።

አዎ፣ በትክክል ነው ያነበባችሁት።

ነገሩ የጀመረው በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ነን። አርባ ሰው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር። የአዳማን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የመዘምራኑ መሪ ጋሽ ታዬ ይባላሉ፤ ጆሯቸው ቀጭን፣ ምላሳቸው ከጆሯቸው የቀጠነ ሰው ነበሩ። በመሐል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙንና፣ ከሶፕራኖዎቹ በኩል አንድ ድምፅ እንደ ባጃጅ ጥሩምባ ይገባብኛል፣ ማን እንደሆነች አልናገርም፣ ራሷ ታውቃለች አሉ።

ሶፕራኖዎቹ፣ ቀጭን ድምፅ የምንዘምረው ሴቶች፣ አሥራ አራት ነበርን። እኔ አወቅኩ። በቃ፣ እኔ ነኝ! ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

መዝሙሩ እንደገና ሲጀመር አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄን ግን አላወጣሁም። ጋሽ ታዬ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና፣ እንዲህ ነው እንጂ አሉ። ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ አልዘመርኩም።

ታዲያ ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ ማወቅ አለባችሁ። "ሃሌ ሉያ" ላይ አፍ ምን ያህል እንደሚከፈት መጠኑን ማወቅ አለባችሁ። ከባዱ ቦታ ላይ ዓይን መጨፈን፣ ከፍ የሚለው ላይ ቅንድብ ማንሣት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ድምፅ በማውጣት ስለማልደክም ፊቴ በጣም ያምር ነበር። ሌላው ሲዘምር ደም ሥሩ ይገተራል፣ እኔ እንደ ሙሽራ ፈገግ እላለሁ። በዚህ የተነሣ ከሦስተኛው ረድፍ ወደ ፊተኛው አመጡኝ። የመዝሙር ቪዲዮ ሲቀረጽ ካሜራው ከእኔ ፊት አልነሣ አለ። ከቪዲዮው ሥር ሰዎች፣ ቢጫ ሻርፕ ያደረገችው እህት ስትዘምር እንባዬ ይመጣል ብለው ጻፉ። እናቴም ቪዲዮውን ለጎረቤት ሁሉ ታሳያለች። ይባስ ብሎ አዲስ የሚገቡትን ልጆች እንዳለማምድ ተመደብኩ። ምን አስተማርኳቸው? አተነፋፈስ!

በነገራችን ላይ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። ዱከም ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ሌላው ሰው የሠራውን ጉድለት እየፈለግኩ ደመወዝ የምበላ ሰው ነኝ። ምን ልበላችሁ፣ አያድርስ ነው።

ያለፈው ዓመት ሲመጣ ሁሉ ነገር ተገለባበጠ። ጋሽ ታዬ ሥራቸው ወደ ሐዋሳ ዞረና ሄዱ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ከእሳቸው ቀድሞ ሄዷል። ዩኒቨርሲቲ የደረሳቸው ተበተኑ፤ ያገቡት አገቡ። ከወንዶቹ ሁለቱ ቆቃ ሥራ አግኝተው እዚያው ቀሩ። በስምንት ወር ውስጥ አርባ የነበርነው ዘጠኝ ሆንን። ለአርባ ሰው የተሰፋው የመዘምራን ልብስ ከመጋረጃው ጀርባ ተደርድሮ ሳየው የሱቅ ዕቃ ይመስለኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ጠሩን። ከሁለት ወር በኋላ በሚውለው የምስጋና እሑድ መቆም ከቻላችሁ ትቀጥላላችሁ፣ ካልቻላችሁ ግን ክፍሉ ይዘጋና በተቀዳ መዝሙር እናመልካለን አሉን።

ልጆቹ አኮረፉ። አንዱ ቁጥራችን ሳይሞላ አንቆምም አለ። ሌላዋ ያለ ኪቦርድ መዝሙር ምንድን ነው ብላ አለቀሰች። እኔ የሁሉም ታላቅ ስለሆንኩ ምክር ስጪያቸው ተባልኩ። ሰጠኋቸው! ሙሉ ግማሽ ሰዓት ስለ ለውጥ ተናገርኩ። ለውጥን አትፍሩ፣ እደጉበት አልኩ። አባጨጓሬና ቢራቢሮ እንኳ አልቀሩኝም። ልጆቹ በደብተራቸው ጻፉ። እኔ ግን ውስጤ አንድ ነገር ብቻ ያሰላ ነበር፤ አርባ ሰው ውስጥ ይደበቃል፣ ዘጠኝ ሰው ውስጥ የት ይገባል?

እዚህ ላይ ሌሊሴን ላስተዋውቃችሁ።

ሌሊሴ ሃያ ዓመቷ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ለዩኒቨርሲቲ ሳይበቃ ሲቀር አንድ ወር ሙሉ ከቤት አልወጣችም ነበር። በሁለተኛው ወር እኔ የምሠራበት ፋብሪካ ገብታ ስፌት ጀመረች። ማሽኑን ስጠላው ለጉድ ነበር ትላለች። ከዚያ ክር የተበጠሰባቸው፣ ማሽን ያስቸገራቸው እሷን መጥራት ጀመሩ። ዛሬ ዕድሜያቸው እናቷን የሚያህል ሴቶች ያሉበት የአንድ መስመር ኃላፊ ናት። ስለ ለውጥ ንግግር አድርጋ አታውቅም።

በዚያ ስብሰባ እጇን አወጣችና፣ ችግሩ ምንድን ነው አለች። ቅዳሜ ልምምድ አንችልም፣ ፈረቃ አለብን አሏት። ኪቦርድም የለም አሏት። እሷም፣ ከዘጠኛችን ስድስታችን በአንድ የፋብሪካ ሰርቪስ ነው የምንሄደው፣ ሰርቪስ ውስጥ እንለማመድ፣ ለቀሩት ሦስቱ በቴሌግራም እንልክላቸዋለን አለች። ኪቦርዱስ ሲሏት፣ "አፍ አለን አይደል?" አለች።

አፍስ ነበረኝ።

የሰርቪሱ ሹፌር ጋሽ ከድር ይባላሉ። ሌሊሴ አስፈቀደቻቸው። እሳቸውም፣ እስከ ሞጆ ዘምሩ፣ ከሞጆ ወዲያ ሰው ይተኛበት ብለው ፈረዱ። በሳምንቱ ሰርቪሱ በሙሉ ዳኛ ሆነ። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ "ትናንት ይሻል ነበር!" ይለናል። ሁለተኛው መዝሙር ላይ ስንሳሳት ከእኛ ቀድመው የሚያውቁ ሰዎች ተፈጠሩ።

ሌሊሴ ያወጣችው ደንብ ግን ገደለኝ። በየቀኑ አንድ ሰው ለብቻው ይዘምራል። ተራዬ ሲደርስ ጉንፋን ያዘኝ። በሳምንቱ ደግሞ የአዳማ ነፋስ ጉሮሮዬን ዘጋው። ከዚያ የጥርስ ሕመም መጣ። የምስጋናው እሑድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሌሊሴ ዝንጅብል ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እህት ምህረት፣ ጉንፋንሽ ስታወሪ የት ነው የሚሄደው?"

መስኮቱን አየሁ። ሜዳው እንደ ወትሮው ነው፤ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

"አልዘምርም፣ ሌሊሴ" አልኳት።

"ዛሬ?"

"ከጋሽ ታዬ ጊዜ ጀምሮ።"

ዝንጅብሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ፣ "ቪዲዮው ላይስ?" አለችኝ።

"ቪዲዮው ላይም።"

"እኔ እኮ መዘምራን የገባሁት ያንን ቪዲዮ አይቼ ነው። ይቺ ልጅ እንዲህ ያለ ፊት ካላት ድምፅዋ እንዴት ሊሆን ነው ብዬ!"

የሰርቪሱ ወለል ተከፍቶ አስፋልቱ ላይ ብወድቅ እመርጥ ነበር።  ሌሊሴ ግን አልጮኸችም፣ ለማንም አልተናገረችም። ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ገለጠችና አሳየችኝ። በገዛ እጇ "ለውጥን አትፍሩ፣ እደጉበት" ብላ ጽፋለች። ከሥሩ የእኔ ስም አለ። ቢራቢሮም ሥላበታለች።

"ይኼን አንቺ ነሽ ያልሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"በይ እንግዲህ።" ከዚያ እናቷ እሷን የምታደፋፍርበትን ቃል ጨመረችልኝ፤ "ሂን ሶዳቲን። አይዞሽ፣ አትፍሪ። ቀስ ብለሽ፣ ለእኔ ብቻ።"

ለእሷ ብቻ ጀመርኩ። ግን አሥራ አንድ ዓመት የተዘጋ ነገር ቀስ ብሎ አይከፈትም። ድምፄ ከሆዴ ውስጥ ወፍራም ሆኖ ወጣ፤ ከሞተሩም በላይ ተሰማ። ጋሽ ከድር ከፊት ሆነው፣ "ማነው ደግሞ የተጨመረው ወንድ?" አሉ።

"ወንድ አይደለም ጋሽ ከድር፣ እህት ምህረት ናት!"

"ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበረች?"

ሰርቪሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ እያለቀስኩ ነው የሳቅኩት። ሌሊሴ ግን እጄን ጨብጣ ሌላ ነገር ታስባለች። ሶፕራኖ አይደለሽም አለችኝ። ወፍራም ድምፅ የነበራቸው ወንዶች ሁሉ ሄዱብን ብለን ስናለቅስ አንቺ ፊት ወንበር ላይ አፍሽን እየከፈትሽ ተቀምጠሻል አለችኝ። የዚያኑ ዕለት የመዝሙሮቹን ድምፅ እንደገና ከፋፈለች፤ እኔን ከሥር አደረገችኝ፣ ሌላውን በእኔ ላይ ደረደረች። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ፣ በሥራ መዋያ ልብሷ፣ ሞጆ ሳንደርስ!

ለቀሩት መንገር ግን የእኔ ፋንታ ነበር። ቅዳሜ ማታ ከፈረቃ በኋላ ዘጠኛችንም በተሰበሰብንበት ቆሜ ተናገርኩ።   ከዚያ የሶፕራኖዋ ቤቲ ቀስ ብላ፣ "የባጃጅ ጥሩምባዋ እኔ የሆንኩ መስሎኝ ነው የኖርኩት" አለች። እሷም ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሁልጊዜ ዝም ትል ነበር። ከቴነሮቹ፣ ከወንዶቹ በኩልም አንድ እጅ ወጣ። እሱን ደግሞ ማንም ሰድቦት አያውቅም፤ እንዲያው ሌሎቹ ይበቃሉ ብሎ ነው።

ከዘጠኝ ሰው ሦስት! አርባ ሳለን ስንቶቻችን ነበርን የምንዘምረው? ይህን የሚያውቀው አምላክ ብቻ ነው፤ እሱም አላጋለጠንም።

የምስጋናው እሑድ ደረሰ። ያለ ኪቦርድ ቆምን። ሌሊሴ ጣቷን አነሣች። እኔ ጀመርኩ፤ ሌሎቹ በእኔ ላይ ገቡ። ስዘምር ፊቴ እንደሚጨማደድ፣ ደም ሥሬ እንደሚገተር ይታወቀኛል። ለካ መዝሙር ሥራ ኖሯል! በዚያ ቀን የተነሣው ፎቶ አስቀያሚ አድርጎኛል፤ ግን ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ያኮረፈው ልጅ ከአጠገቤ እንደ አንበሳ ይዘምራል። ኪቦርድ ብላ ያለቀሰችው ልጅ ለብቻዋ የተሰጣትን ስንኝ አንዴም ሳትሰናከል ጨረሰች። እኔ እነዚህን ልጆች ነው ለውጥን ተቀበሉ ብዬ የመከርኳቸው። ኩራቴን የት ላድርገው? ከሽማግሌዎቹም ክፍሉን ስለ መዝጋት ያነሣ የለም።

ከመዝሙሩ በኋላ ምስክርነት ያለው ይምጣ ተባለ። እማማ ወርቂቱ የሚባሉ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ሴት ቀስ እያሉ ወጡና ማይኩን ያዙ። ዓመታት ሙሉ መዘምራን ሲቆሙ ድምፁ ከሩቅ እየመጣ ጆሮዬ ደነቆረ ብዬ አዝን ነበር አሉ። ለማንም ሳልናገር እጸልይ ነበር አሉ። "ይኸው ዛሬ ልጆቹ ዘጠኝ ብቻ ሆነው አንድ በአንድ ሰማኋቸው፤ ጌታ ጆሮዬን ፈወሰልኝ!" ብለው እንባቸውን ጠረጉ።

ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። ዘጠኛችን እርስ በርስ ተያየን። እማማ፣ ጆሮዎ ድሮም ደህና ነበር ብሎ የሚነግራቸው ማን ነው? ሌሊሴ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ግን ታላቃቸው ነኝ፤ ኃላፊነት አለብኝ።

ከሁሉም ቀድሜ በወፍራሙ ድምፄ "አሜን!" አልኩ።